ከ«ጥቁር ፍቅር» በኋላ ምን እንይ? ከሼክ ኑር እህቶች የተላከ ምክር

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ውጫሌ ኬላ፣ ስለ ምንዛሪና ስለ ጭነት ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችሁ በስልክም በአካልም የምትጠይቁንን ጥያቄ እንመልሳለን፤ «ያየነው አለቀ፤ አሁን ደግሞ ምን እንይ?» የምትሉትን።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለዋለ ነጋዴ ማታ የሚተርፈው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። ያንን ሰዓት የሚወስድ ድራማ እንደ ማንኛውም ዕቃ ታይቶና ተመርጦ መገዛት አለበት ብለን እናምናለን። ሰው የጠቆመንን ሁሉ ከፍተን ስናይ ስንት ሌሊት እንደባከነብን እናውቃለን።

እኛ ሼክ ኑር ውስጥ ጎረቤት የሆንን ስድስት ሴቶች ነን። ከመካከላችን እንጀራ የምትጋግር አለች፣ ቡና የምታፈላ አለች፣ መጋረጃና አልጋ ልብስ የምትሸጥ አለች፣ በርበሬና ሽሮ ከጅግጅጋ የምታመላልስ አለች። ክርስቲያንም ሙስሊምም ነን። ብዕሩን የያዘችው የኮሜርስ ዲፕሎማ ስላላት ሁሉንም ነገር በሒሳብ ካላየች አይሆንላትም፤ ከሰለቻችሁ ታገሱን። ማታ ሱቅ ስንዘጋ ትልቅ ቴሌቪዥን ካላት ከአንዷ ቤት እንሰበሰባለን። የኢንተርኔቱን ሒሳብ በየወሩ አዋጥተን በዛድ እንከፍላለን።

የግቢው ባለቤት ኤዶም አንዳንድ ማታ ብቅ ይላሉ። አማርኛ አይሰሙም፤ የእሳቸው ልማድ በሶማልኛ የተተረጎመ የህንድ ፊልም ነው። ነገር ግን አንዲት ሴትዮ አንገቷን ቀና አድርጋ ሳሎን ስትገባ፣ ገና አፏን ሳትከፍት፣ ኤዶ «ሶዶህ!» ይላሉ። አማት ናት ማለታቸው ነው። እስከ ዛሬ ተሳስተው አያውቁም።

ነገሩ ለብዙዎቻችን የጀመረው በካና ነው። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየመለሰ ወደ ቤታችን አስገባ። ያኔ የአገር ቤት የፊልምና የቴአትር ሰዎች «ገበያችንን ይዘጋብናል፤ ባህልም ይጎዳል» ብለው ቅሬታ ማሰማታቸውን እናስታውሳለን። ቅሬታቸውን አንንቅም፤ እኛም ነጋዴዎች ነን፣ ከውጭ የገባ ዕቃ የአገሩን ሲያስወጣ ምን እንደሚሰማ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ሰው ቤቱን ዘግቶ «ጥቁር ፍቅር»ን ማየቱን አልተወም።

ለምን ወደድነው? ታሪኩን እናስታውስ። ኦመር ፖሊስ ነው። እጮኛው ከማያውቀው ሀብታም ሰው ጋር መኪና ውስጥ ተገድላ ትገኛለች። ኤሊፍ ደግሞ የዚያ የሞተው ሀብታም ልጅ ናት። ሁለቱ ገዳዩን ሲፈልጉ ይዋደዳሉ። ገዳዩ መጨረሻ ላይ የት እንደተገኘ ያያችሁት ታውቃላችሁ፤ ላላየ ሰው አንናገርም። የኦመርና የኤሊፍ ፍቅር ደስ ይላል፣ የኤሊፍ ልብስም ደስ ይላል። እኛን ግን ሌሊት እንቅልፍ የነሳን በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ ሰዎች አንዱ ከአንዱ የሚደብቀው ነገር ነበር። ዳቦ አቀብለኝ እየተባባሉ እንዲያ ያለ ምስጢር በሆድ መያዝ እንዴት ይቻላል?

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። «ጥቁር ፍቅር»ን የወደደ ሰው ቀጣዩን ድራማ በተዋናዩ መልክ ወይም በአገሩ አይምረጥ፤ በምስጢሩ ይምረጥ። እኛ አዲስ ድራማ ስንጀምር ሁለት ክፍል እናይና ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን። በዚህ ቤት የተደበቀው ምንድን ነው? ማን ያውቃል? በወጣ ቀንስ ማን ይከፍላል? ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለው ድራማው ጩኸት ብቻ ነው፤ እንተወዋለን።

ከዚያ ዋጋውን እንጠይቃለን። የድራማ ዋጋ ሰዓት ነው። «ጥቁር ፍቅር» በቱርክኛ «ካራ ፓራ አሽክ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 ቱርክ ውስጥ ሲታይ 54 ክፍል ብቻ ነበር። ታዲያ ወደ እኛ ሲመጣ ለምን አላልቅ አለ? የቱርክ ድራማ በአገሩ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ወደ ውጭ ሲሸጥ እያንዳንዱ ተቆርጦ ሁለት ሦስት ክፍል ይሆናል። በኩንታል ገዝቶ በኪሎ መቸርቸር ማለት ነው፤ እኛም በርበሬውን የምናደርገው ይህንኑ ነው። የኮሪያ ድራማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 16 ክፍል ነው፣ አንዱ አንድ ሰዓት ገደማ። በቀን አንድ ብናይ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። የህንዱ ሌላ ነው። «ክዩንኪ ሳስ ቢ ካቢ ባሁ ቲ» የተባለው ዝነኛው የአማትና የምራት ድራማ ከ2000 እስከ 2008 ከ1,800 ክፍል በላይ ሄዷል። በቀን አንድ ብናይ አምስት ዓመት ሊሞላን ነው። የህንድ ድራማ አንጠላም፤ እንጀራ እየጋገሩ በጆሮ ለመከታተል የሚመቸው እሱ ነው፤ አንድ ሳምንት ቢያመልጥሽም ያቺው ምራት እዚያው በር ላይ እያለቀሰች ታገኛታለሽ። ለተቆጠረ ሰዓት ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስሞቹንም ስትፈልጓቸው እንድታገኟቸው በሚታወቁበት ስም ጽፈናቸዋል።

«ጥቁር ፍቅር»ን ለወንጀሉና ለገንዘቡ ሲል የወደደ ሰው የኮሪያውን «ሊትል ዊሜን» ይይ። በ2022 የወጣ ነው፣ 12 ክፍል ብቻ። ሦስት ድሃ እህትማማቾች አሉ። ትልቋ በአንድ ኩባንያ ሒሳብ ክፍል የምትሠራ፣ ባልደረቦቿ የሚያገሏት ሴት ናት። ብቸኛ ጓደኛዋ ትሞትና ሁለት ቢሊዮን ዎን ጥሬ ገንዘብ ትታላት ትገኛለች። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከመዝገብ ውጭ የነበረ ገንዘብ ነው፤ ባለቤቶቹም ከአገሪቱ ትልልቅ ቤተሰቦች አንዱ ናቸው። ብዕሩን የያዘችው ይህን ድራማ ስታይ ከእኛ ሁሉ በላይ የፈራችው ለዚህ ነው፤ መዝገቡ የማይገጥም ሒሳብ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች። በድራማው ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ትልቋ እህት ገንዘቡን የምትፈልገው ለራሷ አይደለም፣ ለእህቶቿ ነው። እህቶቿ ግን ፈልገውት እንደሆነ ቀድማ አትጠይቃቸውም። ይህ ከእኛ ቤት የራቀ አይደለም።

የቤት ሀብትና የውርስ ጣጣ ለሚወድ ደግሞ «ኪንግ ኦፍ ቤኪንግ፣ ኪም ታክ ጉ» አለ። በ2010 የወጣ፣ 30 ክፍል። አንድ ትልቅ የዳቦ ኩባንያ ያለው ሰው ከሚስቱ ውጭ ወንድ ልጅ ይወልዳል። ሚስትየዋም የራሷ ምስጢር አላት፤ እዚህ አንናገረውም፣ ኤዶ ግን በሁለተኛው ቀን ገምተውታል። ልጁ ከቤት ወጥቶ ከታች፣ ከሊጡ ጀምሮ ሙያውን ይማራል። በዚያን ጊዜ በኮሪያ ብዙ ሰው ያየው ድራማ ነው። ለልጆችም ይሆናል። ሱቃችንን ማን ይረከባል ብለን የምናስብ ሁሉ ከልጆቻችን ጋር ልናየው የሚገባ ይመስለናል፤ ወራሽ በደም ይሆናል ወይስ በሥራ የሚለውን ክርክር እስከ መጨረሻው ይዞ ይሄዳልና።

በቀልና ጩኸት ለሚወዱ እህቶቻችን ሁለት አለን፤ ሁለቱም የአንዲት ጸሐፊ ናቸው፣ የኪም ሱን ኦክ። የመጀመሪያው «ቴምፕቴሽን ኦፍ ዋይፍ» ነው፤ ከ2008 እስከ 2009፣ 129 ክፍል፣ አጫጭር። ባሏና የቅርብ ጓደኛዋ የከዷት ሴት ሞተች ሲሏት ሌላ ሴት ሆና ትመለሳለች። መለወጧን የሚያሳየው ዋናው ምልክት ከዓይኗ ሥር ያስቀመጠችው ጥቁር ነጥብ ነው፤ ባልየውም አያውቃትም! እኛ በዚህ ስንት ቀን ስቀናል። ሁለተኛው «ፔንትሃውስ» ነው፤ ከ2020 እስከ 2021፣ በሦስት ምዕራፍ 48 ክፍል። 100 ፎቅ ባለው ሕንፃ የሚኖሩ ሀብታሞች፣ ከላይ የወደቀች ልጅ፣ የሚዋሹ ወላጆች። ኮሪያውያን ራሳቸው እንዲህ ያለውን የተጋነነ ድራማ «ማክጃንግ» ይሉታል፤ መረን የለቀቀ እንደ ማለት ነው። የእኛ አስተያየት የመጀመሪያውን ምዕራፍ አይታችሁ ብታቆሙ ነው። ከዚያ በኋላ የሞተው እየተነሣ፣ የተነሣው እየሞተ ሦስተኛው ጥያቄያችን መልስ አጣ። ሞት ዋጋ ከሌለው ምስጢርም ዋጋ የለውም። ከመካከላችን ሁለቱ በዚህ አይስማሙም፤ እስከ መጨረሻው አይተውታል፣ አሁንም ይከራከሩናል።

የትዳር ክዳት ለሚያንገበግባቸው «ዘ ወርልድ ኦፍ ዘ ሜሪድ» አለ፤ 2020፣ 16 ክፍል። ሐኪም የሆነች ሚስት በባሏ ሻርፕ ላይ የእሷ ያልሆነ አንድ ፀጉር ታገኛለች። ከዚያ ቀስ በቀስ የሚገለጥላት ነገር ከባሏ ክዳት የባሰ ነው፤ ጓደኞቿ ያውቁ ነበር፣ ጎረቤቶቿ ያውቁ ነበር፣ እሷ ብቻ አታውቅም። ሁለተኛው ጥያቄያችን፣ ማን ያውቃል የሚለው፣ እንዲህ የሚያም መሆኑን ያሳየን ይህ ድራማ ነው። ልጆች ከተኙ በኋላ ብቻ ይታይ፤ ለትልቅ ሰው የተሠራ ነው። የቱርክ ድምፅና የቱርክ ቤት የናፈቀው ሰው ደግሞ ይህንኑ ታሪክ «ሳዳካትሲዝ» በሚል፣ ከ2020 እስከ 2022 በወጣው ድራማ ያገኘዋል። ሁለቱም የመጡት «ዶክተር ፎስተር» ከተባለ በ2015 ከታየ የእንግሊዝ ድራማ ነው።

ለእናቶች አንድ ሌላ እንጨምር፣ «ስካይ ካስል»፤ ከ2018 እስከ 2019፣ 20 ክፍል። ልጆቻቸውን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት የሚያደርጉት የጠፋቸው እናቶች ታሪክ ነው። ዋናዋ እናት የድሃ ልጅነቷን ደብቃ፣ ስሟን ሳይቀር ቀይራ የምትኖር ናት። ለትምህርት ቤት ክፍያ ስንል ሌላውን ሁሉ የምንተው እናቶች ይህን ብናይ አይከፋም። ልጅን ማስተማርና ልጅን የራስ መደበቂያ ማድረግ የት ላይ እንደሚለያዩ ያሳያል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እኛ መጋረጃ ስንሸጥ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አገር እናያለን። አንዳንዴ በአንድ አገር የተፈተለ ክር፣ በሌላ አገር ተሸምኖ፣ በሦስተኛው ተሰፍቶ በበርበራ ወደብ ይገባል። ድራማም እንዲሁ እንደሆነ ያወቅነው ቆይተን ነው። በ2010 ጃፓን ውስጥ «ማዘር» የሚባል 11 ክፍል ያለው ድራማ ታየ። ቱርኮች ወስደው በ2016 እና 2017 «አኔ» ብለው ሠሩት፤ በቱርክኛ እናት ማለት ነው። ኮሪያውያን ደግሞ በ2018 በ16 ክፍል ሠሩት። ጃፓናዊው ጸሐፊ ዩጂ ሳካሞቶ የጻፈው ሌላ ድራማም፣ «ዉማን» የሚባለው፣ ቱርክ ገብቶ «ካድን» ሆኗል። «የቱርክ ድራማ ብቻ ነው የምወደው» የምትሉ እህቶች፣ ሳታውቁት የጃፓን ታሪክ ስታለቅሱበት ኖራችሁ ይሆናል።

የ«ማዘር» ታሪክ ይህ ነው። አንዲት መምህርት ከተማሪዎቿ አንዷ በቤቷ እንደምትሰቃይ ትደርስበታለች። አንድ የብርድ ሌሊት ትንሿን ልጅ በቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ተጥላ ታገኛታለች። ይዛት ትጠፋለች፤ ስሟን ቀይራ እናቷ ነኝ እያለች። በሕግ ዓይን የሰው ልጅ የሰረቀች ናት። መምህርቷ ራሷ ግን በልጅነቷ እናቷ ትታት የሄደች፣ ሌላ ሴት ያሳደገቻት ናት። የተወቻት እናትም በመንገዱ ላይ ትመጣለች። በዚህ ድራማ ውስጥ ያሉት እናቶች ሁሉ እናት የሚለውን ቃል በየራሳቸው መንገድ ተሸክመውታል። ሦስቱንም ጥያቄዎቻችንን እንዲህ አጥርቶ የሚመልስ ድራማ አላየንም። አንድ ብቻ ምረጡ ብትሉን የኮሪያውን «ማዘር» እንመርጣለን፤ ጊዜ ያላት ደግሞ የቱርኩን ትጨምር።

ይህን ያልነው ድራማው ስላሳዘነን ብቻ አይደለም። በእኛ መካከል አንድ ነገር ስለተከሰተ ነው፤ ባለቤቷን አስፈቅደን እንጽፈዋለን።

የተወችው እናት ልጇ ፊት በምትቆምበት ሌሊት ከመካከላችን አንዷ ተነሥታ ወጣች። ከሰሉን ልታይ የሄደች መስሎን ነበር። ስትቆይ ወጥተን ብናያት ውሃው በርሜል አጠገብ ቆማለች። ከዓመታት በፊት ድንበር ስትሻገር የአንድ ዓመት ልጇን ድሬዳዋ እናቷ ዘንድ ትታ ነበር። ልጅቷ አያቷን «እማዬ» እያለች አደገች፤ እሷን ደግሞ በስሟ ትጠራታለች፣ እንደ ታላቅ እህት። ማንም የዋሸ አልነበረም፤ ማንም ደግሞ አልነገራትም። ልብስና ጫማ ይሄዳል፣ ገንዘብ ይሄዳል፣ ቃሉ ብቻ አልሄደም። ስንት ዓመት አብረን ቡና ጠጥተን እኛም የምናውቀው «ድሬ ታናሽ እህት አለችኝ» ስትል ነበር።

የዚያን ሌሊት ሁላችንም መካሪ ሆንን። አንዷ «ትልቅ ሰው ስትሆን ንገሪያት» አለች። ሌላዋ «ነገ ጠዋት ደውዪ» አለች። ሌላዋ ደግሞ «የእናትሽን ልብ ትሰብሪያለሽ፤ ያሳደገች እሷ ናት» አለች። ሦስቱም እውነት ነበራቸው። በመጨረሻ ለበዓል ስትሄድ እናቷን ይዛ፣ ሁለቱ አብረው ነገሯት።

በድራማ ቢሆን ሙዚቃ ይነሣል፣ ይተቃቀፋሉ፣ ክፍሉ ያልቃል። ልጅቷ ግን ምንም አላለችም። ወጥታ ጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት አመሸች። አያቷን አሁንም «እማዬ» ትላለች፤ እናቷን አሁንም በስሟ ትጠራለች። የተለወጠ አንድ ነገር አለ። ድሮ ስትደውል «ምን ይዘሽ ትመጫለሽ?» ነበር የምትለው፤ አሁን «መቼ ነው የምትመጪው?» ትላለች። ጓደኛችን ይህን ስትነግረን ለቀናት ደጋግማ ነገረችን።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። ድራማ «እያደር» የሚለውን አያውቅም፤ በአንድ ሌሊት ሁሉን ያወጣል። ስለዚህ ከድራማ የምስጢር አወጣጥ አንማር። የድራማው ሥራ ምስጢር ዋጋ እንዳለው ማስታወስ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የደበቀው ሰው ሳይሆን ያልጠየቀው ነው። ድንበር ተሻግረን የምንኖር ሰዎች ሁላችንም ለቤተሰብ ያልነገርነው አለን። «ደህና ነኝ፣ ሥራ ጥሩ ነው» ያልንበትን ቀን ብንቆጥር መዝገብ አይበቃንም። የቤተሰብ ድራማ ከሌላው ይልቅ የሚይዘን ለዚህ ይመስለናል፤ የማናውቃቸው ሰዎች ሳሎን ውስጥ የራሳችንን ስልክ ጥሪ እንሰማለን።

«ድራማ ቤት ያፈርሳል» የሚሉን ወንድሞች አሉ። የሚያፈርስበትም ቤት አለ፤ ወጥ እያረረ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ስልክ ላይ የምናፈጥ ከሆነ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ለብቻ በጆሮ ማዳመጫ የሚታይና አብሮ ተቀምጦ እየተከራከሩ የሚታይ አንድ አይደለም። ጓደኛችን ለብቻዋ ብታየው ኖሮ አልቅሳ ትተኛ ነበር።

ስለ ልጆቻችንም አንድ ነገር እንበል። እዚህ የሚያድጉት ልጆቻችን መንገድ ላይ ሶማልኛ፣ ትምህርት ቤት ሶማልኛና እንግሊዝኛ ነው። አማርኛው ማታ ቤት ውስጥ ብቻ የቀረ ነው። በካና ዘመን የተመለሰው ድምፅ ለእነሱ አስተማሪ ነበር። ወደ ኮሪያ ድራማ ስንሻገር ግን ብዙው ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ እኛ ደግሞ አንብበን ሳንጨርስ ያልፋል። አማርኛው ሊጠፋብን ነው ብለን ፈርተን ነበር። መፍትሔው ከልጆቹ መጣ። ከመካከላችን የአንዷ ልጅ፣ የ13 ዓመት ልጅ፣ እያነበበች በአማርኛ ትነግረን ጀመር። መጀመሪያ ላይ ቃል ይጠፋት ነበር። «የባሏ ወንድም ምን ይባላል?» ስትል «ዋርሳ» እንላታለን። «ልጇን ያገባችውስ?» «ምራት።» «አባቷ በኋላ ያገባትስ?» «የእንጀራ እናት።» ዛሬ እኛን ትቀድመናለች። በድራማ ቤት ውስጥ ዘመድ ብዙ ስለሆነ የዘመድ ስም ሁሉ ተማረች። ስለዚህ በአማርኛ የተመለሰ ስታገኙ እሱን ምረጡ፤ ካላገኛችሁ ደግሞ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አድርጓቸው፣ ለልጅ የሚሆነውን ለይታችሁ። በፍላሽ የሚጫነው ትርጉም ፊልምም አለ፤ ተራኪው የራሱን ቀልድ እየጨመረ ምስጢሩን ቀድሞ ስለሚያወጣው ግን ለምስጢር ድራማ አንመክረውም።

ለጀማሪ የእኛ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ «ሊትል ዊሜን»፣ አጭር ስለሆነና ከ«ጥቁር ፍቅር» ወደ ኮሪያ የሚያሻግር ድልድይ ስለሆነ። ቀጥሎ «ኪም ታክ ጉ»ን ከልጆች ጋር። ከዚያ «ማዘር»፣ ሰው ባለበት፣ ቡና ተፈልቶ። ሌላው ሁሉ እንደ አምሮታችሁ ነው። በመካከሉ የበዓል ሰሞን ከመጣ፣ ረመዳን ወይም ጾም ከገባ፣ አቁሙት፤ ድራማው የትም አይሄድም።

እኛ አሁን የጀመርነው «ማይ ጎልደን ላይፍ» ነው፤ ከ2017 እስከ 2018 የወጣ፣ 52 ክፍል። ለእኛ መለኪያ ረጅም ነው፣ ነገር ግን ሦስቱንም ጥያቄ አለፈ። ንግዱ የከሰረበት አባት አለ። እናትየዋ መንታ ናቸው ብላ ያሳደገቻቸው ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ አንዷ ግን ወድቃ የተገኘች የሀብታም ልጅ ናት። ሀብታሞቹ ልጃችንን ብለው ሲመጡ እናትየዋ ውሸት ትናገራለች፤ የራሷን ልጅ ሰጥታ ትልካለች። ለምን? ድሃ ሆና ልጇ እንዳትቀር። ኤዶ ይህን ስናስረዳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ፤ «ሶዶህ» አላሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ማታ አልቀሩም።

የት እንደሚደርስ እናያለን። እናንተም በምስጢሩ የያዛችሁ፣ ዋጋውም የማይጎዳ ሌላ ካያችሁ በሼክ ኑር ስታልፉ ጎራ በሉና ንገሩን። ቡና አይጠፋም።